የዓሪፍ ባዶ እግር

የመርሳው መካኒክ ዓሪፍ አሮጌ መኪና ሲፈትሽ ጫማውን ያወልቃል። መስጊድ የገባ ይመስል ብለው ይስቁበታል፤ እሱ ግን የመኪና ሕመም የሚሰማው በውስጥ እግር ነው ባይ ነው። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማ ነው፤ ወንበሩ ከተንቀጠቀጠ የኋላው፤ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬኑ ዲስክ ተጣምሟል።

ያን ዓርብ ከሰዓት እንዲፈትሸው የተሰጠው የሚሸጥ መኪና ዓሪፍን በልጅነቱ ቁርአን ያስቀሩት የአስተማሪው የሐጅ እንድሪስ ነበር። ዓሪፍ መሪውን ይዞ፣ ገዢዋ መምህርት ቶይባ ከጎኑ፣ ሐጁ ከኋላ ተቀምጠው ወደ ውርጌሳ ወጡ። ገና በአርባ ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«የጎማ ባላንስ ነው፤ ንዳው» አሉ ሐጁ።

መርሳ ላይ የሐጁን ቃል የሚመልስ የለም። ግን ባላንስ በአርባ አይጀምርም፤ ፍጥነት ሲቀንስም ይጠፋል። ይሄ ሲቀንስ ጭራሽ ባሰ፤ ከግራ በኩል ቱክ ቱክ የሚል የላላ ጎማ ምት ውስጥ እግሩን መታው። ከፊት ተሳቢ እየመጣ ነው። ፍሬኑን በድንገት ቢይዝ ጎማው ይወጣል ብሎ ፈራ፤ ማርሽ እየቀነሰ ቀስ ብሎ ዳር አቆመ።

«ቃሌን አላመንክም?»

«አንቱንማ አምናለሁ፤ እግሬን ግን ፈራሁት።»

ወርዶ አየ። ከግራው የፊት ጎማ አምስት ብሎኖች ሦስቱ የሉም፤ ሁለቱ በጣት ይዞራሉ።

የሐጁ ፊት ተለወጠ። ቀትር ላይ ጎማውን የቀየሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ሊያጠብቁት ሲሉ አዛን ሰምተው «ከሰላት መልስ» ብለው ተዉት።

ዓሪፍ ከሌሎቹ ሦስት ጎማዎች አንድ አንድ ብሎን ፈትቶ የግራውን አሰረ። ሊመለሱ ሲነሱ በመስታወት ወደ ኋላ አየ፤ ሐጁ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።