የአማቼ ብስክሌት አንገት

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ የሞተው ብስክሌቱ ላይ ሆኖ ነው። ከጫሞ ሐይቅ ዳር አሳ ጭኖ ወደ ከተማው፣ ወደ ሲቀላ፣ ሲመጣ የጭነት መኪና ከኋላው ደረሰበት። ያዩት ሰዎች መኪናው አልገጨውም ይላሉ። ያኔ የነበረው ብስክሌት ረጅም ነው፤ ጎማው ትልቅ፣ የኋላ መጫኛው ከወገብ በላይ። የራሰ ሣር የለበሰ አንድ ማዳበሪያ አሳ ሲጫንበት የፊት ጎማው መሬቱን መንካት ይተዋል። ለመኪናው ዳር እይዛለሁ ሲል ጭነቱ ወደ መንገዱ መሐል ጎተተው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን አልጽፍም።

እኔ በያጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ አላለፍኩም። ትውልዴ ገረሴ ነው። እኛ ደጋ ላይ ብረት የሚነካ ሰው ይናቅ ስለነበር፣ ወደ ቆላ ወርጄ የመንግሥት ጋራዥ ስቀጠር ዘመዶቼ ደስ አላላቸውም። መንግሥት ሲለወጥ ጋራዡ ተዘጋ። እኔም ሲቀላ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ጥዬ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። አማቼ የሞተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ልጄን ከሁለት ሕፃናት ጋር ትቶ።

አሁን ስለ ተራው ልናገር፣ ያለሱ ነገሩ አይገባም። ጫሞ ዳር አሳ በሚወርድበት ቦታ የሚሰለፈው ሰው አይደለም፣ ብስክሌት ነው። አሳውን ወደ ከተማ የሚያመላልሱት ሰዎች ጀልባዎቹ ገና ውሃው ላይ እያሉ ብስክሌታቸውን አንድ ባንድ አሸዋው ላይ ያስተኙና እነሱ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ድሮ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ያስተኛ ነበር አሉ። በዚህ የተነሳ ጠብ በዛ፣ ሰው በቢላዋ ተወጋ። ከዚያ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለያንዳንዱ ብስክሌት ቋሚ ቦታ ሰጡት። ባለቤቱ ቢታመም ወንድሙ ይዞት ይመጣል፣ ቦታው አይነካም። አሮጌውን ሸጦ አዲስ የገዛ ግን ከጭራው ይጀምራል። ከፊት የተኛው ሰው ሁሉ የሚፈልገውን አሳ፣ ቆሮሶውን፣ ይወስዳል። ጭራ ላይ ያለው የሚደርሰው የተረፈ አምባዛ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም ብሎ ያኔ ከተማው ውስጥ ብዙው ሰው አይበላውም። እሱም ከተረፈ ነው። ብዙ ቀን ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ይመለሳሉ።

የአማቼ ብስክሌት ከፊተኞቹ ነበር። ልጄና ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ ቦታ ነው። የኔ ብየዳ እኔንም በወጉ አያበላኝም ነበር።

ለቅሶው ላይ የተራ አስከባሪው መጣ። ቀጭን፣ ቃል የማያበዛ ሽማግሌ ነው። የጋቢውን ጫፍ ይዞ ከጎኔ ተቀመጠና በቦታው ላይ ድንጋይ አስቀምጠናል አለኝ፤ እስከ አርባው ማንም አይነካውም። ከአርባው በኋላ ብስክሌቱ ይምጣ፣ ማን እንደሚነዳው የኛ ጉዳይ አይደለም። ካልመጣ ድንጋዩን እናነሳለን፣ ከኋላ ያለው ወደ ፊት ይጠጋል። ይህን ብሎ ነፍስ ይማር አለና ሄደ።

ብስክሌቱን ፖሊስ ጣቢያ አጥር ሥር ተጥሎ አገኘሁት። ብስክሌት ለማለት ይከብዳል። ሁለቱም ጎማዎች ተጨማደዋል። ከመቀመጫው እስከ መሪው የሚሄደው አግዳሚ ብረት እንደ ክንድ ታጥፏል። ደህና የቀረው ሁለት ነገር ነው፤ የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት አንገቱ፣ እና ፔዳሉ የሚዞርበት ከሥር ያለው ቤቱ። ተሸክሜ ልጄ ለቅሶ ወደተቀመጠችበት ቤቴ አመጣሁት። ልጄ ከፍራሹ ላይ ሆና አየችውና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ሠፈር ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ለኔ መካሪ ሆነ። ከሰሜን የመጡ አንድ የቢሮ ኃላፊ አገራቸው ሲገቡ የልጃቸውን ትንሽ ብስክሌት ጥለውልኝ ሄደው ነበር። ወጣቶቹ ቢኤምኤክስ ይሉታል፣ ለዝላይ የሚሠራው ዓይነት። አጭር ነው፣ ዝቅ ያለ፣ ቱቦው ወፈር ያለ። አንገቱ ላይ ተሰብሯል እንጂ ጎማዎቹ ደህና ናቸው። ይህንኑ በይደህ ለልጅህ ስጣት፣ ለምን ትደክማለህ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ያን ብጠግን ቢኤምኤክሱ ነው የሚሆነው፤ ጫሞ ዳር ይዛው ብትሄድ ጭራ ላይ ያስተኟታል። ረጅሙንም እንደነበረ ልመልሰው ብል አይሆንም፤ ባሏን የጣለው ቁመቱ ነው፣ እሷም በቀሚስ ያን አግዳሚ አትሻገረውም። እኔ የፈለግሁት የሟቹ የሆነ፣ ግን እንደዚያ ዝቅ ያለ ብስክሌት ነው። ራስህ ድንጋይ ነው አሉኝ። ይሁን አልኩ።

የትንሹን ቁመትና ወርድ በሲባጎ ለካሁ። የአማቼን ብስክሌት ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አስሬ አንገቱንና የፔዳሉን ቤት በመጋዝ ቆርጬ አወጣሁ። የቀረውን ግቢዬ አጥር ሥር ያለ የብረት ክምር ላይ ጣልኩት። መሐሉን የምሞላው በውሃ ቧንቧ ነው፤ ሌላ ቱቦ ከየት ይመጣል። ቧንቧ ዝም ብለው ቢያጥፉት ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ያመጣሁትን አሸዋ ላሜራ ላይ ቆልቼ እርጥበቱን አጠፋሁና ቧንቧው ውስጥ ጠቅጥቄ ጫፍና ጫፉን በእንጨት ደፈንኩት። ከዚያ ከሰል ላይ አቅልቼ የግራር ጉቶ ላይ አጎበጥኩት። ቧንቧው ነጭ ቅብ አለበት፤ ሲቃጠል ጢሱ ደረት ውስጥ ገብቶ ያንቀጠቅጣል። ወተት እየጠጣሁ ሠራሁ። ማታ ማታ እንደ ወባ ይዞኝ ያድራል፣ ጠዋት እነሳለሁ።

የምበይደው በካርባይድ ጋዝ ነው፣ የሚያያይዘው ናስ። አንገቱ ከአዲሱ ቧንቧ ጋር ሲገጥም በልኩ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ረዳት ስላልነበረኝ ልጄን ጠራኋት። በጥቁር ልብሷ መጥታ ተንበረከከች። በጨርቅ ያዘችልኝ። እሳቱን እንዳታይ ነገርኳት። ዓይኗን ወደ ብረቱ ክምር አዞረች፣ እይታዋም እዚያው ቀረ። ናሱ እስኪረጋ ጠበቀችና፣

«አግዳሚውስ?» አለችኝ።

«ታጥፏል። አይሆንም።»

ጨርቁን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። እኔም ሥራዬን ቀጠልኩ።

የትንሹ ብስክሌት ሹካ ትልቁ አንገት ውስጥ ሲገባ ይላወሳል። ላሜራ ጠቅልዬ አጠበብኩለት። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጠብኩ፣ የድሮውን ፔዳልና ሰንሰለት መለስኩ፣ የኋላ መጫኛውን ከጎማው ትንሽ ከፍ አድርጌ በወፍራም ብረት ሠራሁት፤ ጭነቱ መሬት መሬት እንዲል። በመጨረሻ ያገኘሁትን ጥቁር ቀለም ሁሉንም ቀባሁት። ሲያልቅ አስቀያሚ ነበር። አንገቱ ለገላው ትልቅ፣ ጎማው ለአንገቱ ትንሽ። ላዩ ላይ ቆሜ ዘለልኩበት፤ ምንም አላለም።

ልጄ ብስክሌት ነድታ አታውቅም። ከከተማው ውጪ ባለው ሜዳ ጎህ ሲቀድ እየወሰድኩ አስተማርኳት። ከቀሚሷ ሥር የባሏን ሱሪ ለበሰች። ሥራ የሚሄዱ ሴቶች ቆመው ያዩና አፋቸውን ይይዛሉ። ገና ሐዘን ላይ ያለች ሴት፣ ብስክሌት፣ ሱሪ። አንዷ ለኔ እየተናገረች፣ ይቺን ልጅ ልትገድላት ነው አለችኝ። ልጄ ወደቀች፣ ተነሳች፣ ክርኗ ተላጠ። አላለቀሰችም፣ ሲሳካላትም አልሳቀችም። ጠጠር የሞላ ማዳበሪያ ጭኜባት ሜዳውን ዞረች። አልተንገዳገደችም።

አርባው በወጣ ማግስት አብረን ወረድን። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ በእግሬ። ስደርስ ብስክሌቶቹ አሸዋው ላይ ተኝተዋል፤ መሐላቸው አንድ ክፍት ቦታ አለ፣ ድንጋዩ እዚያ ላይ ነው። ልጄ ብስክሌቱን ይዛ ከድንጋዩ ጎን ቆማለች። አመላላሾቹ ከጥላው ተነስተው ከበዋታል። ከድንጋዩ ቀጥሎ የሚያስተኛው ትከሻው ሰፊ፣ አፉም ሰፊ ሰው ነው። ነገሩ የሆነው በጋሞኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ አስቀመጥኩት።

«ይሄ እሱ አይደለም» አለ ሰፊው፣ ጎማውን በእግሩ እየነካ። «ይሄ እሱ የወለደው ነው።»

ሳቁ። አንዱ ደግሞ ጡት ጥሏል ወይ ብሎ ጨመረ። ልጄ መሬት መሬት ታያለች።

«የወለደው ከሆነ» አልኩት፣ «የአባቱ ቦታ ለማን ሊሆን ነው? ላንተ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ሰፊው ተቆጣ። ቀጥቃጭ ከመቼ ወዲህ ነው እኛን ሕግ የሚያስተምረን አለ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነው። ዓይኔ የተራ አስከባሪው ላይ ነበር። እሱ ግን በሳቁም በጠቡም አልገባም። ቁጢጥ ብሎ ብስክሌቱን ከላይ እስከ ታች አየው፣ ከዚያ የአሳ ቢላዋ ተቀብሎ አንገቱ ላይ ጥቁሩን ቀለም መፋቅ ጀመረ። ጥቁሩ ሲነሳ ከሥሩ አረንጓዴ ወጣ፤ የአማቼ ብስክሌት አረንጓዴ ነበር። የፔዳሉንም ቤት ፋቀ። እዚያም አረንጓዴ። ናሱ ቧንቧውን የያዘበትን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«መሐሉ የማን ነው?» አለኝ።

«የኔ ነው።»

«አንገቱና እግሩ ግን የሱ ነው።» ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። «ድንጋዩን አንሱት።»

ያነሳው ያው ሰፊው ሰው ነው። አንስቶ ወደ ውሃው ወረወረውና ተመልሶ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ልጄ ብስክሌቱን በቦታው አስተኛችው። ጀልባዎቹ ሲደርሱ ቆሮሶ ጫንን፣ ማዳበሪያው ሙሉ።

ስንመለስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ጭነቱ ዝቅ ብሏል፣ መኪና ሲያልፍ ብስክሌቱ ንቅንቅ አይልም። አማቼ የወደቀበት ቦታ ስትደርስ ልጄ ወረደች። እየገፋች፣ በጠርዙ በኩል፣ ቀስ እያለች አለፈች። ደረስኩባትና ምን ሆነሽ፣ ብረቱ አስቸገረሽ ወይ አልኳት።

«ብረቱ ደህና ነው» አለች። ትንሽ ሄደችና፣ «አባባ፣ ስታመጣው ጊዜ አይቼዋለሁ። አንገቱ የተራው ነው። ፔዳሉም የተራው ነው። የኔ አግዳሚው ብቻ ነበር።»

አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሳይጋቡ በፊት ያ ልጅ ማታ ማታ አግዳሚው ላይ አስቀምጧት ከላይኛው ሠፈር፣ ከሴቻ፣ ቁልቁለቱን ይወርድ ነበር። እኔ አንድ ጊዜ አይቼ በድንጋይ ላሳድደው ምንም አልቀረኝም።

ያን ቀን አሳው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ክምሩን በረበርኩ። አግዳሚው ከሥር ነበር፣ እንደ ክንድ እንደታጠፈ፣ አረንጓዴው ቀለም ሳይነካ። ቤቷ ወሰድኩላት። በሩ ላይ ተቀበለችኝና በሁለት እጇ ያዘችው።

«ነገ እሳት ላይ አድርጌ አቃናልሻለሁ» አልኳት። «ቀጥ ብሎ ይወጣል።»

«አትንካው።»

ከበሩ ኋላ አቆመችው። ልጆቹ ተጠብሶ የቀረውን አሳ እየበሉ ነበር፤ እሾሁን እንዲያወጡ ነገረቻቸው። ከዚያ ወዲያ ዓመታት በዚያ ብስክሌት ሠርታለች፣ የበየድኩት አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። ያ ቦታ ላይ ግን ስትመጣም ስትሄድም እየወረደች ነው ያለፈችው፣ ዝናብም ቢሆን። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ዛሬም ያንኑ እሠራለሁ። እሷ ግን ሥራዬን አመስግናኝ አታውቅም፣ እኔም አልጠበቅሁም።