መስኮት የሌለው ማድቤት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ፣ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ የፈረሰ የባላባት ግንብ አለ። እናቴ እዚያ ወጥ ሠሪ ነበረች። አንድ ቀን እመቤቲቱ አንድ ቅል ቅቤ ጠፋ ብላ አባረረቻት። ታላቅ እህቴ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ «በማድቤቱ መስኮት ለመንገደኛ ስታቀብል አይቻለሁ» ብላ መሰከረችባት። እኔና እናቴ ስንወጣ እሷ እዚያው ቀረች፤ ጫማም ተገዛላት። ጫማውን አልረሳሁትም።

ግንቡ ሁለት ማድቤት ነበረው፤ አንዱ የክርስቲያን፣ አንዱ የእስላም እንግዳ ሥጋ የሚሠራበት። እናቴ ሙስሊም ናት፤ የክርስቲያኑን ማድቤት ደፍ ረግጣ አታውቅም። የእሷ ማድቤት ደግሞ መስኮት አልነበረውም። ይህን ባልኩ ቁጥር እህቴ «አንቺ ሕፃን ነበርሽ» ትለኛለች። ባለፈው ወር መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ፍርስራሹም ይነሳል ሲባል ሰማሁና ስልኬን ይዤ ሄድኩ።

ከሚኒባሱ ወረድኩ። ግድግዳው ወድቆ ቢሆንስ? ይባስ ብሎ መስኮት ቢኖረውስ?

የለውም። ጣሪያው ሄዷል እንጂ ጥላሸት የጠጣው ግድግዳ ድፍን እንደሆነ ቆሟል። አራቱንም ጎን ሁለት ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሳሁ። ይሄኔ አንድ ሚሊሻ ከበስተኋላዬ መጣ።

«እማማ፣ ምን እያነሱ ነው?»

«ግድግዳ።»

«ወርቅ ቀብረው ነው እንዴ?»

«ወርቅ ብቀብር በሚኒባስ አልመጣም ነበር።»

አልሳቀም። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ መንገድ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይጠረጠራል። ስልኬን ተቀብሎ አንድ በአንድ ያጠፋ ጀመር። እናቴ በሌባ ስም መሞቷን ለማላውቀው ሰው አልናገርም። «እናቴ የሠራችበት ማድቤት ነው» ብቻ አልኩት።

«ይቺን ይያዟት» አለ በመጨረሻ፤ «መንገዱ አይታይባትም።» እስክሳፈርም አብሮኝ ቆመ።

የቀረችው ፎቶ የምታሳየው ሦስት ግድግዳ ነው። እህቴ ያለችበት የደሴው ቧንቧ ውሃ ሰፈር እስክደርስ ድረስ አራተኛው ሲያስጨንቀኝ ቆየ። መስኮቱ በዚያ በኩል ነበር ብትለኝ ምን እመልስላታለሁ?

መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው።

«ይሄ የኛ ነው» አለች። «መስኮት ያለው የክርስቲያኖቹ ነበር።»

«ታዲያ እናታችን እዚያ ገብታ ታውቃለች፣ እትዬ?»

ስልኩን መለሰችልኝ። «ገብታ አታውቅም» አለች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ። ቀጥላ «ሻይ ላፍላልሽ?» አለችኝ።

ጠጥቼ መጥቻለሁ አልኳት። አልጠጣሁም ነበር።