አድባሩ የለመዳት ተዋናይት

በከተማችን ከመሸ በኋላ ከጋን ውሃ መቅዳት የሚፈራ አንድ ሙሉ ትውልድ አለ። ዛሬ የልጆች አባት የሆነው ሰው እንኳ ጣሳውን ከመንከሩ በፊት አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ያያል። ይህን ፍርሃት የዘራችው ጎረቤቴ ላምዱዋን ናት። በቴሌቪዥን በየሳምንቱ ይታይ በነበረ ድራማ ውስጥ፣ ፀጉሯን አንጨባርራ ከጓሮ ጋን ብቅ ትልና፣ ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ በሚያቃስት ድምፅዋ «ማነው ውሃዬን የቀዳው?» ትል ነበር። ድራማው ካበቃ ዓመታት አልፈዋል። ሰዉ ግን አልጨረሰም። በከተማችን በፔቻቡሪ ገበያ ስታልፍ ዓሣ ሻጩም ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነጂውም ከየአቅጣጫው ይጮህባታል።

«እማማ ጋን! እኔን አይዩኝ፣ ዛሬ ውሃ አልቀዳሁም!» ትላታለች በረዶ ፈጭታ በሽሮፕ የምትሸጠው ማሊ። «እኔ በረዶ ሻጭ ነኝ!»

«በረዶውስ ከምን ተሠራ?» ትላታለች ላምዱዋን፣ ቆም ብላ በዚያው ድምፅ። ማሊ ትጮኻለች፤ ገበያው ይስቃል፤ ላምዱዋንም ስቃ ታልፋለች።

ስትስቅ አያት ነበር። ሳቁ እውነተኛ ነው። ሆኖም ጥግ ዞራ ብቻዋን ስትሆን ፊቷ ላይ የሚቀር ነገር ነበር፤ በስህተት በሌላ ሰው ስም የተጠራ ሰው ፊት ላይ የሚታይ ዓይነት። እኔ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ «ሰውን ራሱ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከነመልሱ ተምሬያለሁ። መልሶቹን ረስቻቸዋለሁ። ጥያቄው ግን ከግድግዳዬ ማዶ ተከራይቶ ይኖር ነበር።

ላምዱዋን ከጋኑ በፊት ሌላ ሕይወት ነበራት። የዚያን ጊዜ ፊልሞቻችን ድምፅ አልነበራቸውም። ከፕሮጀክተሩ ጎን አንድ ተናጋሪ ማይክሮፎን ይዞ ይቀመጥና፣ ለፍቅረኛውም ለሽፍታውም ለሕፃኑም ለውሻውም እሱው ይናገራል። ላምዱዋን አሥር ዓመት ያህል የፊልም ልዕልት ሆና ስትኖር በሰሜን በአንድ ሰው፣ በደቡብ በሌላ ሰው አፍ ትናገር ነበር። በእኛ አውራጃ ድምፅዋ ሳዌንግ የሚባል ሪዛም፣ ቦርጫም ሰውዬ ነበር። ሳዌንግ እንደ ልጃገረድ ሲናገር ጎልማሶች አንገታቸውን ደፍተው ያለቅሱ ነበር።

አንድ ጊዜ ወደ ከተማችን ለፊልሟ ምርቃት መጥታ መድረክ ላይ ወጣች። «እንደምን አመሻችሁ» አለች። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ በሐዘኔታ አዩዋትና፣ «ልጄ፣ ቆንጆስ ቆንጆ ነሽ። ግን እሷ አይደለሽም። ላምዱዋንን አምጡልን እንጂ!» አሉ። መድረኩ ላይ ከኋላዋ ባለ ወንበር ኑድል ይበላ የነበረው ሳዌንግ አፉን እንደሞላ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ «እኔ ነኝ እናቴ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ።

ይህን ስትነግረኝ እስከ ዛሬ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። «አንተ መምህር፣ ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ከተማ አፌን ለመክፈት ስንት ዓመት እንደፈራሁ ታውቃለህ?» ትለኛለች ደግሞ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ቀጥሎ ባለ ድምፅ ፊልም መጣ። አዘጋጆቹ ድምፅዋን ቀድተው ሰሙትና፣ ደህና ሁኚ አሏት። ወደ ትውልድ ከተማዋ ተመልሳ፣ እንቁላልና የኮኮናት ወተት በዘንባባ ስኳር አሽታ ጣፋጭ እየጋገረች ሸጠች። ብዙ ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ የቴሌቪዥን ሰው ጣፋጭ ሊገዛ መጣና ውሻ ስታባርር ሰማት። በሳምንቱ ጋን ውስጥ ገባች። ከፊልም ያስወጣት ድምፅ ነው ቴሌቪዥን ያስገባት፤ ሳዌንግ ሲሞትም ከተማው ያቺን ልዕልት ከእሱ ጋር አብሮ ቀበራት። ፊልሞቿ ደግሞ በየመጋዘኑ በሙቀት በስብሰው አለቁ። እኛም እሷም የመሰለን እንደዚያ ነው።

ባለፈው የዝናብ ወራት ዓይኗን ታመመች። ቀዶ ጥገና ከመግባቷ በፊት በድልድዩ ሥር ላለው አድባር ተሳለች፤ ዓይኗ ከዳነ ፊልም ልታሳየው። በእኛ አገር አድባር የተቀቀለ እንቁላልም የአሳማ ጭንቅላትም ይቀበላል፤ ፊልም ግን አጥብቆ ይወዳል ይባላል። ዓይኗ ዳነ። እኔን ደገፍ ብላ የስለት ፊልም ወደሚያሳየው ወደ ዊቺየን ሄድን። ዊቺየን በድልድዩ ሥር፣ በጠራራ ከሰዓት፣ የሌላ ሰው ስለት እያሳየ ነበር። ከባዶ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ ወጥሯል፤ ተመልካች ቢባል አድባሩና አንድ የተኛ ውሻ ናቸው።

«የቻይና ሰይፍ አለኝ፣ የህንድ ዘፈን አለኝ» አላት ዊቺየን። «ካልሆነም ይኸው ይሄ አለ፤ ድምፅ የለውም፣ ግን አድባሩ ለምዶታል። ሰው አይፈልገውም፤ ለእሱ ግን ስንት ዓመት እንዳሳየሁት።»

ላምዱዋን ወደ ጨርቁ ዞረች። ጨርቁ ላይ፣ በጠራራው ብርሃን ደብዝዛ፣ አንዲት ልጅ በጨው ማሳ ውስጥ መቅዘፊያ የሚያህል መጥረጊያ ይዛ ጨው ትሰበስባለች። ቀና ብላ ሳቀች። ላምዱዋን በአዲሱ ዓይኗ አየቻት።

«ይቺ ልጅ ማናት?» አለችው ቀስ ብላ።

«እኔ ምን አውቄ እማማ። የጥንት ሰው ናት። ሞታለች መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ።»

ዊቺየን አያት፤ ጨርቁን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መምህር፣ የዓይኑን መድኃኒት አብዝተውባቸው ነው?»

«አፍህን ያዝ፤ እውነቷን ነው» አልኩት።

ዊቺየን ተነሥቶ እጆቹን አገናኝቶ ሰገደላት፤ ደነገጠና ለአድባሩም ሰገደ። ቀጥሎ የነገረን ነገር ግን ደስታዋን አጨለመባት። ፊልሙ እየጠበበ፣ እየተጣጠፈ፣ እንደ ኮምጣጤ እየሸተተ ነው። «ከእንግዲህ ከማሽኑ አንድ ጊዜ ቢያልፍ ነው። ሁለተኛውን እንጃ» አለ።

 በሯ ላይ ስንደርስ፣ «ማታ ነው የማሳየው፤ ሰው ባለበት» አለች። «ማይክሮፎኑንም እኔ ነኝ የምይዘው።»

«ይስቁብሻል፣ እትዬ ላምዱዋን። ድምፅሽን ያውቁታል። አንዲት ልጅ እግር ብንቀጥርስ?»

«ለዚህች ልጅ ዕድሜ ልኳን ሌላ ሰው ተናግሮላታል። አንድ ጊዜ እንኳ ራሷ ትናገር። አንድ ጊዜ እዚህ ከተማ እሷን ሆኜ ልታይ፤ ከዚያ ፊልሙም ይለቅ፣ እኔም ወደ ጋኔ እመለሳለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከግድግዳዬ ማዶ ልምምዱ ተጀመረ። ዝንጅብል በማር ትጠጣለች፣ ትጉመጠመጣለች፣ ከዚያ «አንተ መርከበኛ፣ መቼ ትመለሳለህ?» ትላለች። እንደገና ዝንጅብል። ማሊ አንድ ቀን ልቧ ተሰቅሎ መጣችብኝ። «ጋሼ መምህር፣ ያ ድራማ ተመልሶ ጀመረ እንዴ? ልጆቼ ገላቸውን አልታጠብም ብለው አስቸገሩኝ!»

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ እንደጠለቀች ሰው ምንጣፉን ይዞ ድልድዩ ሥር ጎረፈ። እንዲህ መምጣታቸው ለጨው ማሳዋ ልጅ አልነበረም፤ እማማ ጋን ልትናገር ነው ሲባል ሰምተው ነው። ዊቺየን ጄኔሬተሩን አስነሣ። ለአድባሩ ከፊት አንድ ወንበር ባዶ ተተወለት። ላምዱዋን አዲስ የሐር ቀሚስ ለብሳ ከፕሮጀክተሩ ጎን ተቀመጠች። ማይክሮፎኑን ወደ ራሷ ሳበችው።

ልጅቷ ጨርቁ ላይ ብቅ አለች። እውነቴን ነው፣ ቆንጆ ነበረች። ሕዝቡ «ውይ!» አለ። ከዚያ ላምዱዋን አፏን ከፈተች። «አባዬ፣ ዛሬ ፀሐይዋ ጨውን ቶሎ አደረቀችልን!»

ሳቁ ከድልድዩ ሥር ተነሥቶ ወንዙን የተሻገረ መሰለኝ። ጎረምሶች «ውሃዬን! ውሃዬን!» እያሉ ጮኹ፤ አንድ ሕፃን በፍርሃት አለቀሰ፤ ማሊ እንኳ ሆዷን ይዛ ተንፈራፈረች።  ልጅቷ ጨርቁ ላይ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚናገርላት የለም። ዊቺየን ጎንበስ ብሎ «ላጥፋው እማማ?» አላት። እጁን ገፋችው።

«ጨረሳችሁ?» አለች በማይክሮፎኑ። «ይቺ ልጅ ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። ጋን የምታውቀው ውሃ ለመቅዳት ነው። አትስደቧት!»

እንደገና ሳቁ፤ ይህ ግን ለስለስ ያለ ነበር። በዚያች ቅጽበት ጨርቁ ላይ አባትየው ገባ፤ ልጁን ለሀብታም ሽማግሌ ሊድር ያሰበ ስስታም። ላምዱዋን ያንን የጋን ድምፅ ከነማቃሰቱ፣ ከነአስፈሪነቱ፣ አንድም ሳታስቀር ለሰውየው ሰጠችው። «የማነው ጨዉ? የእኔ ነው! የማናት ልጅቱ? የእኔ ናት!» ሕዝቡ በደስታ አበደ። ሊሰማው የመጣውን አገኘ። ወዲያው ልጅቷ መለሰችለት፤ ላምዱዋን ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግታ፣ በትንፋሽ ብቻ፣ «አባዬ፣ እኔ ጨው አይደለሁም» አለች። ከዚያ አባት ጩኸት በኋላ ይህ ሹክሹክታ እንዴት ለጋ ሆኖ እንደተሰማ ልነግራችሁ አልችልም። ማንም አልሳቀም። ከፊቴ የተቀመጠ ዓሣ ሻጭ «ልክ ብላለች!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ወዲያ ልጅቷ የእነሱ ሆነች። መርከበኛው ሲመጣ አፏጩ፤ ሲሄድ ሰደቡት። ሳዌንግ ጥሎላት የሞተውን ብልሃት ሁሉ አወጣችው፤ ለውሻው እንኳ ተናገረችለት። የመጨረሻው ጥቅል ላይ ስንደርስ፣ ልጅቷ መርከበኛዋን ጠብቃ ጠብቃ ተስፋ ቆርጣ ወደ ባሕሩ ስትወርድ፣ ማሽኑ አንድ ጊዜ አቃሰተና ፊልሙ ተበጣጠሰ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቀረ። ዊቺየን ቁርጥራጩን በእጁ ይዞ ራሱን ነቀነቀ፤ አልቋል ማለቱ ነው።

ማንም አልተነሣም። «ታዲያስ?» አለ አንዱ ከጨለማው። «ገባች?»

እኔ ያንን ፊልም በወጣትነቴ አይቼዋለሁ። ልጅቷ ሰጥማ ትሞታለች፤ አገሩ ሁሉ ያለቀሰው በዚህ ነው። ላምዱዋን ነጩን ጨርቅ ረጅም ጊዜ አየች።

«ገባች» አለች በልጅቷ ድምፅ፤ በአንዳች ተአምር የለሰለሰ አልነበረም፣ ያው ሻካራው ነው፤ ግን አሁን የልጅቷ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «እስከ ጉልበቷ ገባች። ከዚያ ውሃው ቀዘቀዘባት። ‹ለአንድ ቀዛፊ ብዬ?› አለች። ወጣች።»

ሕዝቡ ፈነዳ።

«ቀሚሷን እየጨመቀች ሳለ ጀልባው ደረሰ። ‹ምነው ረጠብሽ ውዴ?› አላት። ‹አንተን ስጠብቅ ዘነበብኝ፤ በል ና፣ ጨዉን አንሣ!› አለችው። ተጋቡ። እሱ ጨው ይሸከማል፤ እሷ ታዘዋለች። አባትየውም ለሠርጉ አንድ እንቁላል አዋጣ፤ እንቁላሏንም እያለቀሰ።»

እንደዚያ ቀን ሰው ሲስቅ አላየሁም። ላምዱዋን ማይክሮፎኑን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ? በልጅቷ ነው የሳቁት» አለችኝ። እኔም ሰምቼ ነበር።

የፊልሙን ቁርጥራጭ ዊቺየን ሰብስቦ አድባሩ ፊት አስቀመጠው። ለእሱ ከማንም በላይ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ፤ ሁላችንም ስንረሳት በየከሰዓቱ ቁጭ ብሎ ያያት እሱ ብቻ ነው።

ገበያው ዛሬም እማማ ጋን ይላታል። አንድ ምሽት የብዙ ዓመት ስም አይፍቅም፤ እሷም ይፋቅልኝ አላለችም። ግን በሦስተኛው ቀን አብረን ስናልፍ ማሊ እንደ ልማዷ አልጮኸችም። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበችና፣ «እማማ ላምዱዋን» አለቻት፣ «ያቺ ልጅ… የጨው ማሳዋ… ልጅ ወለደች?»

ላምዱዋን ቆመች። ገና አላሰበችበትም ነበር። ወዲያው በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ሁለት ሴቶች» አለች። «ታላቂቱ ደህና ናት። ታናሿ ግን ምን ልበልሽ ማሊ፣ ልክ እንደ አያቷ ስስታም…»

ማሊ የበረዶ መፍጫዋን አቆመች። ደንበኞቿም ብርጭቋቸውን እንደያዙ ጠጋ አሉ።