ሦስተኛዋ ኳስ

የታሰርኩት የሱዳን ሬዲዮ አዳምጠሃል ተብዬ ነው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ዘፈን ፍለጋ ነበር። መተማ ላይ የሰሊጥ መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ወረወሩኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፦ የሻገተ ሰሊጥ፣ የሽንት ባልዲ፣ የከረመ ላብ። ከባልዲው አጠገብ ክፍት ቦታ አየሁና ዕድሌ ነው ብዬ ዘፍ አልኩ። ለምን ክፍት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አልቆየሁም።

ከጎኔ ድንበር ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ ጎልማሳ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። ጎንደር ውስጥ ከጣሊያን በቀረ ቡና ቤት ኳስ ከመወልወል ተነስተው በጠረጴዛ ላይ በዱላ የሚገፋው የካራምቦላ ኳስ ሻምፒዮን የሆኑ ሰው ናቸው። መሬቱ ላይ ጠረጴዛ ይስሉና በማሽላ አገዳ የጭቃ ኳሶች እየገፉ ያስተምሩናል።

«ኳሶቹ ሦስት ናቸው፤ በራስህ ኳስ ሌሎቹን ሁለቱንም መንካት ነው። ከነካህ ትቀጥላለህ፤ ከሳትህ ተራው የሌላው ነው።»

ጉልበት አይወዱም። በደጉ ጊዜ ሦስቱን ኳሶች ጥግ ላይ ይሰበስቡና በስሱ እያስነኩ፣ እያስነኩ ሲቀጥሉ ተጋጣሚያቸው የመምቻውን ጫፍ የሚቀባበትን ጠመኔ እንደጨበጠ ቁጭ ብሎ ያረጅ ነበር አሉ። እኔንማ በጭቃም ረተውኛል፤ ስመታት ኳሴ ፈረሰች።

የምርመራ ሹሙ ከአንድ ነጋዴ የወረሰው የካራምቦላ ጠረጴዛ ነበረው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንግዶች መጡለትና ጋሼን አስጠራ፤ እኔን ደግሞ ወለል እንድጠርግ።

«ይሄን ሻምፒዮን ከረታሁት ዛሬውኑ እፈታዋለሁ!» አለ። እንግዶቹ ሳቁ።

ጋሼ ገባቸው። ለጥቂት እየሳቱ ይጫወቱ ጀመር፤ እንዲያ አሳምሮ መሳትም ሙያ ነው። ሹሙ ጥብስ በበላበት እጁ ኳሶቹን ያሻል፣ ያገሳል። አረንጓዴው ጨርቅ በስብ ተዥጎረጎረ። ጋሼ ተራቸው ሲደርስ ኳሳቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጓታል።

ሹሙ አንዲት ነጥብ ቀረችው። መታ። ኳሱ ሁለተኛዋን ነካ፤ ሦስተኛዋን በጣት ስፋት ሳታት። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

በካራምቦላ ወግ ግን ነጥብ የሚያጸድቀው ተጋጣሚ ነው።

«ነካ በላ!» አለ ሹሙ።

«አልነካም ጌታዬ።»

«አንተ ሰው፣ መፈታት አትፈልግም?»

«እፈልጋለሁ። ይድገሙት፤ እኔ እንደሆነ በተራዬ እስታለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ሹሙ መምቻውን ዱላ ከጋሼ እጅ ነጠቀ። ጋሼ ወደ መጋዘኑ የተመለሱት ከንፈራቸው ተተርትሮ ነው።

«ኧረ ጋሼ! አንዲት ቃል ምን አለባት?» አላቸው ለአረም መጥቶ የታሰረ የጎጃም ልጅ።

«መሳቱ የራሴ ነው» አሉ ደማቸውን እየጠረጉ። «ያልነካውን ነካ ካልሁ ግን ምኑን ተጫወትሁት?» ከዚያ አገዳቸውን አነሱና ተራው የማን እንደሆነ ጠየቁን።

በሳምንቱ በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን የነገረኝ የለም።

የሹሙ ፊት ጠፍቶብኛል። እስከ ዛሬ ከጆሮዬ ያልወጣው ያ ጭብጨባ ነው። ኳሱ ሦስተኛዋን ሲስት እኮ ሁሉም አይቷል። እኔም መጥረጊያ ባልይዝ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እንጃ። አሁን ስብሰባ ላይ ሲጨበጨብ እጄን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ልጆቼ ሪህ ይመስላቸዋል፤ ቅባት ገዝተውልኛል።