መጫሪያውን የሠራልኝ ሰው

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ቁጣዬንና ትዕቢቴን እየዘረዘርኩ ስናዘዝ ኖሬ፣ ይህችን አንዲት በደል ሁልጊዜ እዘልላት ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ለአንተ ልንገርህ፤ የሰው ምሥጢር አሳልፌ ሰጥቻለሁ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በአንድ ኮሌጅ የወንዝ እንስሳትን አስተምር ነበር። የማጠናው ክላም የሚሉትን፣ በሁለት ቅርፊት ተዘግቶ አሸዋ ውስጥ የሚቀበረውን ፍጥረት ነው። አሸዋውን ጭሬ የማወጣበት፣ ከሱቅ የምገዛው መጫሪያ ጥርሶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ቅርፊቱን ይሰብርብኝ ነበር። ችግሬን የሰማው ግዛው ነው፤ ከከተማው ዳር፣ ግሮቭፖርት ባለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳ፣ ቅዳሴ ላይ የተዋወቅሁት ጎልማሳ። ሂልቶፕ ሰፈር ባለው ጋራዡ ብረት አግሎ፣ ጥርሶቹን እንደ ጣት አጥፎ፣ ከጀርባቸው የሽቦ ቅርጫት ሠርቶ ሰጠኝ። አሸዋው በሽቦው ሾልኮ ሲወርድ ክላሙ ሳይሰበር ይቀራል።

«ይህን የት ተማርከው?» አልኩት።

«ከአባቴ ወናፍ ሥር ነዋ፣ ጋሼ። ቀጥቃጭ ነበሩ። እዚህ የሚያውቅ የለም፤ በእርስዎ ይቅር።»

«በእኔ ይቀራል» አልኩት። ይህን ማለቴን አልጠራጠርም።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ግዛው ለአንድ ወዳጄ ልጅ ሽማግሌ ላከ። አባትየው ሊያማክረኝ ቤቴ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለራሴ የምነግረው እንዲህ ነበር፦ ዘሩን ጠየቀኝ፣ እኔም መዋሸት አልቻልኩም። ግን ዘሩን ጠይቆኛል? ትዝታዬን አላምነውም፤ ብዙ ጊዜ ለእኔ አድልቷል። ደጋግሜ ስመረምረው የሚሰማኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «መጠጥ ይቀምሳል?»

«አይቀምስም» አልኩ። ቀጥዬም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «አባቱ ግን ቀጥቃጭ ነበሩ» አልኩ። እኔ አልኩ። እኔው ጀምሬ፣ እኔው ጨረስኩት።

«አተረፍኸን፣ ዶክተር» አለኝና ተነሣ።

ቀጥቃጭ ቡዳ ነው በሚለው አምን ነበርን? በፍጹም። ይህም ጥፋቴን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም፤ የማላምንበትን ነገር የሚያምንበት ሰው እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ለምን? ተማሪዎቼ ትምህርቴን እያዛጉ ሰምተው፣ መጫሪያውን ሲያዩ «ማን ነው የሠራው?» ብለው ይከቡኝ ስለነበር ይሆን? ለማመን የሚከብድ ትንሽነት ነው፤ ግን የተሻለ ምክንያት አላገኘሁም። ሽማግሌዎቹ «ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ» ተብለው ተመለሱ። እኔ በማግስቱ ያንኑ መጫሪያ ይዤ ወንዝ ወረድኩ።

ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ዝም አልኩ። ባለፈው ወር ጋራዡ ድረስ ሄጄ፣ ቁጭ በል ቢለኝም ቆሜ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ግዛው አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ሰምቶኝ ሲያበቃ ድንገት ሳቀ።

«በስመ አብ! እኔ እኮ አጭር ስለሆንኩ ነው ብዬ፣ ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ሳደርግ ኖርኩ!»

እኔም ሳቅሁ። አብሬው መሳቄ አሁን ያሳፍረኛል። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ሳቄን ይቅርታ አድርገው እንዳይወስዱት» አለኝ። «እሱን ገና አላሰብኩበትም። ሲሆንልኝ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

እስከ ዛሬ አልደወለም። ይሁንና እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን በብሮድ ስትሪት መኪናዬን በዝግታ እየነዳሁ ስመለስ፣ ትከሻዬ ቀልሎኝ ነበር። ዛሬም ቀልሎኛል። ከእንግዲህ ማስታወስና መርሳት፣ ይቅር ማለትና አለማለት የእኔ ሥራ አይደለም፤ እውነቱ ባለቤቱ እጅ ገብቷል። ይቅር ሳልባል እንዲህ መቅለል ይገባኛልን? አላውቅም፤ ግን እተነፍሳለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት አዝነህልኝ ይሆናል። ከግዛው ቀድመህ ግን ይቅር አትበለኝ።