መርዶ ይዘን ወደ አፍንጮ በር

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ አራብሳ

መርዶ የሚነገረው ፀሐይ ሳይሞቅ ነው። ስለዚህ በጨለማ ወጣሁ።

ታላቅ ወንድሜ ቢኒያም ከሞተ ወር አልፎታል። እትዬ አስካለ ግን አልሰሙም። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በአንድ ግቢ ስንኖር እናታችን ሥራ ስትውል ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ሰፈሩ ሲነሳ እኛ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ እሳቸው አፍንጮ በር ተከራዩ። ቢኒያም ሲሞት ጸበል ሄደው ነበር፤ ስልክም የላቸውም። መመለሳቸውን የሰማነው ትናንት ነው።

ሐዘንተኛ መርዶ አይናገርም፤ የሽማግሌ ሥራ ነው። ግን አዲሱን ቤታቸውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዕቃቸውን ያጓጓዝነው እኔና ቢኒያም ነን። የምሄደው መንገድ ለማሳየት ነው።

ሚኒባሱ ሞልቷል። ረዳቱ ግን በሩን ይዞ፣ "ጠጋ ጠጋ በሉ፤ አንድ ሰው ይገባል" ይላል።

"የት እንጠጋ? ሹፌሩ ጭን ላይ?" አለች አንዲት ሴትዮ።

"እሱም ተይዟል፣ እናቴ።"

ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ብዬ ተውኩት። ቢኒያም ቢኖር ለረዳቱ መልስ አያጣለትም ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ፒያሳ

መገናኛ ሌላ ታክሲ ይዤ ፒያሳ ወረድኩ። የዳቦ ሽታ አለ። አንድ ካፌ ውስጥ የማኪያቶ ማሽን ይጮኻል፤ አስተናጋጁ ወንበር ያወጣል። ሰፈራችን የነበረበት ቦታ ሰፊ መንገድ ሆኗል፤ መብራት፣ አበባ፣ ሣር። ያምራል። በራችን የት ጋ እንደነበር ግን ማወቅ አልቻልኩም። ቆሜ ፈለግኩት። ያ ሁሉ ሰው እዚህ ቦታ ላይ እንዴት እንደኖረ አይገባኝም። ጎረቤት ሲያስነጥስ በግድግዳው "ይማርህ" እንል ነበር። የማን ወጥ እንዳረረ ሁሉም ያውቃል። ቢኒያም ሲያመሽ እናቴ ሳትሰማ በር የሚከፍቱለት እትዬ አስካለ ነበሩ።

ራስ መኮንን ድልድይ

መርዶውን ከሚናገሩት ሁለት ሽማግሌዎች ጋሽ ሰይድ ቀድመውኛል። የወሎ ሰው ናቸው፤ የግቢያችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ወልዴ እያለከለኩ መጡ። እሳቸውም የግቢያችን ሰው ነበሩ፤ አሁን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሁለቱ ከተያዩ ከርመዋል።

"ወፍረሃል፣ ወልዴ።"

"አልወፈርኩም። አንተ የሰፋኸው ሱሪ ነው የጠበበው።"

ከዚያ ለምን እንደመጣን ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ቀልዱን ተዉት። ዳገቱን ጀመርን።

"አንተ ትጀምራለህ" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ለምን እኔ?"

"የእናቷን መርዶ ያረዳሃት አንተ ነህ።"

"ለዚያ ነው የምፈራው" አሉ ጋሽ ሰይድ።

አፍንጮ በር

መንደሩ ጠባብ ነው፤ ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተጠጋግቷል። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ውኃ ተሰልፈዋል። ቤቱን አሳየኋቸው።

"አንተ እዚህ ቅያስ ላይ ቁም" አሉኝ ጋሽ ሰይድ። "ፊትህን ካየች አለቀ።"

ቆምኩ። በሩ ሲከፈት ይሰማኛል።

"እንዴ፣ ሰይድ? ወልዴ? ሰፈሩ ተመለሰ እንዴ? ግቡ፣ ግቡ። ማን ሰበሰባችሁ?"

የሁለቱ ኮቴ ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ።

"ቢኒያም ነው፣ አይደል? አውቄያለሁ። ሊያገባ ነው። መጀመሪያ ለኔ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶልኛል።"

"አስካለ፣" አሉ ጋሽ ሰይድ፣ "ተቀመጪ።"

ከዚያ በኋላ ጩኸቱ መጣ። ውኃ የተሰለፉት ሴቶች ጀሪካናቸውን ጥለው ሮጡ። ቢኒያምን አንዳቸውም አያውቁትም። አንዷ እኔን አየችና፣ "ማን ሞቶባቸው ነው?" አለችኝ።

"ወንድሜ" አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ በራሴ አፍ ተናግሬው አላውቅም። ሴትዮዋ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

እትዬ አስካለ አልቅሰው አልቅሰው ሲደክማቸው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ማን ቀበረው፣ ማሙሽ? እኔ የለሁ። እነ ሰይድም ከቀብሩ በኋላ ነው የሰማነው ይላሉ።"

"አራብሳ ያሉ ጎረቤቶች። ድንኳን የተከሉትም፣ የተሸከሙትም እነሱ ናቸው።"

"እነማን ናቸው?"

"ስማቸውን አላውቅም።"

እንባቸውን ሳይጠርጉ አዩኝ።

"ወንድምህን የተሸከመልህን ሰው ስም አታውቅም?"

ዘጠኝ ሰዓት፣ አራብሳ

ስመለስ ሁሉም በር ዝግ ነበር። ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት ከኛ ፊት ለፊት ያለውን አንኳኳሁ። በቀብሩ ቀን ከፊት ሆኖ የተሸከመው ሰውዬ በካናቴራ ከፈተልኝ።

"ሰላም ነው?" አለ ደንግጦ።

"ሰላም ነው። ስምዎን... ስምዎን ልጠይቅ ነው።"

ትንሽ አየኝ።

"ከማል እባላለሁ" አለ። "ወንድምህ ግን ከሜ ነበር የሚለኝ። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ሳያስቀኝ አልፎ አያውቅም።"

በሩን በሰፊው ከፈተው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።