ልጅ የሚደክምበት ቦታ

በመናፈሻው ውስጥ የልጆች መንገድ የሚባለውን የእግር መንገድ የሠራውን ሰው ባልደረቦቹ አባ ዱካ ይሉታል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አትክልተኛው ነው። ሁለቱ በጉርምስናቸው አብረው ተቀጥረው፣ አብረው ሸብተው፣ አንዱ በሌላው ላይ ያልወረወረው ነገር የሌለ ሰዎች ናቸው። "አቀርቅሮ ሲሄድ ያየው ሰው መርፌ የጠፋበት ይመስለዋል" ይላል አትክልተኛው። "እኔም ሞኙ መርፌውን አብሬ ልፈልግ ብዬ ስንት ዘመኔን አቃጠልኩ።"

መንገዱ ረጅም አይደለም። ከበሩ ተነሥቶ በዛፎቹ ሥር ያልፍና ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል፤ በትንሽ የእንጨት ድልድይ ይሻገራል፤ ከዚያ የኮረብታውን ትከሻ ዞሮ እንደገና በሩ ላይ ብቅ ይላል። አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ሳይታዘል ይጨርሰዋል። ጠጠሩን በወንፊት ነፍቶ ያለበሰው አባ ዱካ ነው። እግር የሚጠልፉትን ሥሮች በአፈር የሸፈነም እሱ ነው። ቅርንጫፍ የልጅ ዓይን እንዳይወጋ፣ ከልጅ ቁመት በታች ያለውን ሁሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይመለምላል። ከዚያ በላይ ያለውን ግን እንደ ልቡ እንዲያድግ ይተወዋል። "ትልቅ ሰው አንገቱን ማዞር ያውቃል" ነው የሚለው።

ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን በአራቱ መቀመጫዎች ነበር።

መንገዱን እንዲያበጅ በታዘዘ ጊዜ ሚስቱ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። የሚኖሩት እዚያው መናፈሻው ጥግ፣ ለሠራተኛ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ሐኪሙ ልጁ ከበሽተኛዋ ክፍል ይራቅ ስላለ፣ አባ ዱካ ጎረቤቲቱን አደራ ብሎ፣ የአምስት ዓመት ልጁን ማለዳ ማለዳ ይዞ ይወጣና አብሮት ይውላል። ዘዴው ያኔ ተገለጠለት። ልጁን ከፊት ያስቀድማል፤ እሱ ችካልና መዶሻ ይዞ ይከተላል። ልጁ ደክሞት በተቀመጠበት ቦታ ችካል ይመታል። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እዚያው ከተቀመጠ መቀመጫ ይሠራበታል። ልጁ ደግሞ አላሳፈረውም፤ ቀጠሮ እንዳለው ሰው ሁልጊዜ እነዚያው አራት ቦታዎች ላይ ነበር የሚቀመጠው።

"ደከመህ?" ይለዋል።

"አዎ" ይላል ልጁ።

ጥያቄውም መልሱም ይኸው ነበር።

እናም መቀመጫዎቹ አንዱ ከበሩ ብዙም ሳይርቅ፣ ሌላው ከድልድዩ ወዲያ፣ ሁለቱ ደግሞ ኮረብታው ላይ ተጠጋግተው ተሠሩ። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ ርቀታቸው አለመመጣጠኑ ይገርመዋል። አባ ዱካ ግን መልሱን ምላሱ ላይ ይዞ ነው የሚጠብቀው፦ የልጅ ድካም በሜትር አይለካም፤ እኔ የለካሁት በልጅ እግር ነው። የመጨረሻው መቀመጫ ከሁሉ ሰፊው ሲሆን "እንቢታ" ይባላል። ልጁ አንድ ቀን እዚያ ተቀምጦ አልነሣም ብሎ፣ አባቱ በእጁ እየጎተተ ነው የወሰደው። አባ ዱካ ይህን ለጎብኚ ቤተሰብ ሁሉ ሲያወራው ኖሯል፤ የልጁን ፊት አኮሳትሮ፣ ከንፈሩን ጥሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ልጆቹ ይስቃሉ። ወላጆቹ የራሳቸውን እንቢተኛ እያዩ ይስቃሉ። ጨዋታው አንድም ቀን ከሽፎበት አያውቅም።

ሚስቱ መንገዱ ባለቀ ሰሞን ሞተች። ልጁ ለአክስቱ ተሰጠና እዚያው አድጎ፣ ተምሮ፣ የመንገድ መሐንዲስ ሆነ። አባ ዱካ ይህንንም ከራሱ መንገድ ጋር ያያይዘዋል፤ "ያባቱን ሙያ ነው የያዘው" ይላል። ባለ አንድ ክፍሏ ቤት የዕቃ ማስቀመጫ ስትሆን እሱ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራየ። ልጁ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ይጠይቀዋል፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ቤት ኪራይ ይነጋገሩና ዝም ይባባላሉ። ሁለቱም ዝምታውን እንደ ሰላም ቆጥረውት ነበር። ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ይኖራል፤ ያልተባለው ነገር ግድግዳ ሆኖ ጣሪያውን ይይዝላቸዋል።

በዚህ ዓመት አዲሱ የመናፈሻው ኃላፊ አባ ዱካን ቢሮው አስጠራው። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ተነሥቶ ነው ወንበር የሰጠው።

"አባት፣ የልጆቹ መንገድ ሊቃና ነው" አለው። "ጋሪ የሚገፉ እናቶች አሉ፤ ብስክሌትም አለ። መቀመጫዎቹም ይነሡና በእኩል ርቀት አዲስ ይተከላሉ። የእርስዎ ላይ ብዙ ሰው ሲቀመጥ አላየሁም።"

"ልጅ በእኩል ርቀት አይደክምም" አለ አባ ዱካ።

ኃላፊው ፈገግ አለ። "ፕላኑን የሠራው ልጅዎ ያለበት መሥሪያ ቤት ነው። እሱ መጥቶ አይቶ፣ መቀመጫዎቹ ባሉበት ይቆዩ ካለኝ፣ እኔ በበኩሌ አስለውጣለሁ። ሰኞ ሥራው ስለሚጀመር ከዚያ በፊት ይሁን።"

አባ ዱካ ከቢሮው ሲወጣ ተስፋው ሙሉ ነበር። ልጁ ከመሰከረማ ሌላ ምን ያስፈልጋል? የተለካው እሱ፤ ምስክሩም እሱ።

እሑድ ጠዋት ልጁ መጣ፤ አምስት ዓመት የሆናትን ሴት ልጁንም ይዟል። አትክልተኛው በሩ ላይ ሲያያቸው መቀሱን አስቀምጦ ቀረበ።

"ሦስት ትውልድ ለአንድ ጠጠር መንገድ" አለ። "አንቺ ልጅ፣ አያትሽ ችካል ይዞ ከመጣ ሩጪ፤ በተቀመጥሽበት ይቸክልሻል።"

"ዝም በል አንተ፣ ልጅ አታስፈራ" አለ አባ ዱካ፤ ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

ልጅቱ እየዘለለች ከፊት ሄደች። የመጀመሪያውን መቀመጫ ሳታየው አለፈችው። አባ ዱካ ቅር አለው፤ ወዲያው ግን ቆም ብላ ተመለሰችና መሬት ላይ ቁጢጥ አለች።

"ይኸው" አለ ለልጁ፣ በክንዱ እየነካው። "አላልኩህም? ደከመሽ የኔ እመቤት?"

"አልደከመኝም። አያቴ፣ ያ ቤት የማን ነው?"

"የምን ቤት?"

"ያ።"

አባ ዱካ ጣቷን ተከትሎ አየ። ቅጠል ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ግድግዳ። "ቤት የለም እዚያ።"

"አለ እንጂ። መስኮቱን በቆርቆሮ ዘግተውታል።"

"ያያትሽ ዓይን አርጅቷል በያ" ብሎ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም። እጆቹን ኪሱ ከቶ ጫማውን ያይ ነበር።

ከድልድዩ ወዲያ፣ ሁለተኛው መቀመጫ ጋ ሲደርሱ ልጅቱ እንደገና ቁጢጥ አለች። "ይኸው መጣ" አለች በደስታ። "ቤቱ እየተከተለን ነው።" ሦስተኛው ጋ ሲደርሱማ እሷ እንደ ጨዋታ ይዛው "አሁንም አለ" እያለች ታጨበጭብ ነበር። አባ ዱካ ለልጁ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ዝናብ ውኃ መውረጃው፣ ኃላፊውን ምን ብሎ እንደሚያነጋግረው ያወራል። ልጁ "እህ" ይላል።

እንቢታ ጋ ሲደርሱ አባ ዱካ ጉሮሮውን ጠረገ። "ነይ እስቲ፣ አባትሽ እዚህ ጋ ምን እንደሠራ ልንገርሽ። ልክ እንዳንቺ ነበር። ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠና..." ከንፈሩን ጣለ፤ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

"አባባ፣ ተወው" አለ ልጁ።

"ምነው፣ በልጅህ ፊት አፈርክ?"

ልጁ ሴት ልጁን የወደቁ የዛፍ ፍሬዎችን እንድትለቅም ወደ ታች ላካትና፣ "ዝቅ በል እስቲ" አለው።

"ጉልበቴን ታውቀው የለ።"

"እኔ እይዝሃለሁ። ዝቅ በልና እይ።"

አባ ዱካ የልጁን ክንድ ተደግፎ ተንበረከከ። ይህን ቦታ ስንት ጊዜ ተንበርክኮበታል፤ ዓይኑ ግን ሁልጊዜ መቀሱ ላይ ነበር። አሁን ቀና ሲል፣ ራሱ መልምሎ ባራቆታቸው ግንዶች መካከል፣ ራሱ ከተወው ቅጠል ሥር፣ እንደ መስኮት የተከፈተ ክፍተት አየ። ከክፍተቱ ወዲያ፣ ከቁልቁለቱ ማዶ፣ የድሮ ቤቱ ቆማለች። መስኮቷ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶበታል።

"ደክሞኝ አያውቅም አባባ" አለ ልጁ ከላይ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። "እማዬ ነቅታ ስትሆን ቢጫ ፎጣ መስኮቱ ላይ እሰቅልልሃለሁ ብላኝ ነበር። አባትህ ከአልጋ ተነሣሽ ብሎ ይቆጣኛል፣ እንዳትነግረው አለችኝ። የሚታየው ከነዚህ ከአራቱ ቦታዎች ነው።"

አባ ዱካ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ አየው። "ደከመህ ስልህ አዎ ትለኝ አልነበር?"

"አንድ ቀን እማዬ ጋ እንሂድ ብዬህ ነበር። ፊትህን ወደ ዛፍ አዙረህ ቆየህ፤ ትከሻህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ደከመኝ ማለት ቀለለኝ።"

"እንቢ ያልክ ቀንስ?"

"ፎጣው አልነበረም። ከጠዋት ጀምሮ አልነበረም።"

"ያ... ያ ሌላ ቀን ነው።"

"አይደለም አባባ።"

አባ ዱካ ሁለቱን ቀኖች በሁለት የተለያዩ ክፍሎች አስቀምጧቸው ኖሯል። በአንደኛው ክፍል ሥራው ሊያልቅ የቀረበበት፣ አለቃ በማግሥቱ መንገዱን ሊመርቅ የሚመጣበት፣ አንድ እንቢተኛ ልጅ የሚያስቅበት ቀን አለ። በሌላኛው ክፍል ጎረቤቲቱ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ደጃፍ የቆመችበት ምሽት አለ። በመካከላቸው በር እንዳለ አላወቀም። አሁን በሩ ሲከፈት በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላኛው የልጁን እጅ ይዞ ከአንደኛው ወደ ሌላኛው ሲሄድ ራሱን አየ። መዶሻውን ደጃፍ ላይ ነበር የጣለው።

"እንቢ ስትል ወዲያው ብንመለስ... እንደርስባት ነበር?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለ ልጁ።

ዝም ተባባሉ። እንደ ድሮው ዝምታ አልነበረም፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ወርዶ ነበር። ከታች ልጅቱ ፍሬ እየለቀመች ለራሷ ታዜማለች።

ልጁ አባቱን ደግፎ አስነሣውና የሱሪውን አፈር አራገፈለት። "ለኃላፊው ዛሬውኑ እደውላለሁ" አለ። "መቀመጫዎቹ ይቆዩ እለዋለሁ።"

"ይቆዩ ትላለህ?"

"አዎ።"

"ደስ ይልሃል ቢቆዩ?"

"አዎ" አለ ልጁ።

አባ ዱካ ይህን "አዎ" አወቀው። ሙሉ መንገድ የተሠራበት "አዎ" ነው። ድምፁ ወፍሯል እንጂ አልተለወጠም፤ የአባቱን ፊት አይቶ የሚሰጠው፣ አባቱ እንዳይከፋው የሚሰጠው መልስ ነው።

"አይ፣ አትደውል" አለ። "ተወው።"

ልጁ አልተከራከረም። ወደ በሩ ሲመለሱ ከሁለቱ አንዱም የቀለለው አይመስልም ነበር። በመለያያቸው ልጁ ትከሻውን ሳመው፤ ልጅቱ አንድ ፍሬ መዳፉ ውስጥ አስቀመጠችለት።

ሰኞ ጠዋት የቀን ሠራተኞች ዲጂኖና አካፋ ይዘው መጡ። ኃላፊው "ልጅዎ አልደወለልኝም" አለው።

"አይደውልም።"

"አዝናለሁ፣ አባት። ከፈለጉ አንዱን መቀመጫ ወደ ቤትዎ ይውሰዱት።"

"የት ላድርገው? ክፍሌ ውስጥ አልጋው ራሱ ጎኑን ሰብስቦ ነው የሚያድር" አለ አባ ዱካ። ኃላፊው ሳቀ፤ ተናጋሪው ግን ከልማድ በቀር የተናገረበት ምክንያት አልነበረውም።

ሦስቱ መቀመጫዎች ሳያስቸግሩ ተነቀሉ። እግራቸው በስብሶ ኖሯል። አባ ዱካ እያንዳንዱ ሲነሣ ቆሞ አየ። ዕድሜውን ሙሉ ለልጆች ማረፊያ ሠራሁ ሲል፣ የሠራው ለአንድ ልጅ የናፍቆት ምልክት ኖሯል። ያንንም ሳያውቅ ነው የሠራው። ሰው የሚወደውን ልጅ ከፊቱ አስቀድሞ፣ እግር በእግር ተከትሎት፣ የት እንደሚያይ ሳይጠይቀው ሊኖር ይችላል። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ ይህን ያህል መራቅ ምን እንደሚባል ቃል አጣለት።

እንቢታ ጋ ሲደርሱ ሠራተኞቹን ቀድሞ ሄደ። መቀመጫው ላይ አልተቀመጠም፤ አጠገቡ መሬት ላይ ወረደ፣ በዝግታ፣ በእጁ መሬቱን እየደባበሰ። በግንዶቹ መካከል ቤቷ አለች። ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ አርፎ ለአፍታ ቢጫ አደረገው። ከዚያ ደመና መጣና ቆርቆሮ ሆነ።

"አባት፣ ልንነቅለው ነው" አለ ዲጂኖ የያዘው። "ይነሡልን።"

አባ ዱካ አልተነሣም። ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ወርዶ አትክልተኛውን ጠራው።

አትክልተኛው እያለከለከ መጣ። "ምን ሆነህ ነው አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ታስፈታለህ? መርፌዋን አገኘሃት?"

አባ ዱካ ዓይኑን ከግንዶቹ አልነቀለም።

"ደከመህ?" አለው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ" አለ አባ ዱካ።

አትክልተኛው እጁን ዘርግቶ የወዳጁን እጅ ያዘ፤ ጎተተው። እየጎተተ አስነሣው፤ እጁን ሳይለቅ ወደ በሩ ይዞት ወረደ። ከኋላቸው ዲጂኖው እንጨቱን ሲፈነቅል ይሰማል። አባ ዱካ ወደ ዛፎቹ እየዞረ እየዞረ ሄደ፤ ምን እንደሚያይ ግን ማንም አልጠየቀውም።